ሆዱ ሞልቶ የሚራብ ዓሣ

ፒያሳ አካባቢ ዓሣ ጠብሰው የሚሸጡ አንዲት ሴት የጠየቁኝ ይህን ነው፦ «ደንበኞቼ የባሕር ዓሣ ሆዱ ሁሉ ፕላስቲክ ነው ይላሉ። እኔ የማቀርበው የዝዋይ ቆሮሶ ነው፤ አልፎ አልፎም አምባዛ። በዚህ ሥራ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው፣ ስንትና ስንት ዓሣ ስከፍት አንድ ቀን ፕላስቲክ አይቼ አላውቅም። ለመሆኑ ፕላስቲኩ ዓሣውን ምን ያደርገዋል? ይገድለዋል? የኔ ዓሣ ንጹሕ ነው ብዬ ብናገርስ ዋሸሁ?»

ከመጨረሻው ልነሣ። አልዋሹም፤ ግን አይማሉበት።

እርስዎ ሆዱን ሲከፍቱ የሚጠብቁት ፌስታል ወይም የሃይላንድ ክዳን ይመስለኛል። ማይክሮፕላስቲክ የሚባለው ግን ከ5 ሚሊሜትር ያነሰው ሁሉ ነው፤ ትልቁ የምስር ፍሬ ቢያህል ነው። ዓሣ አንጀት ውስጥ በብዛት የሚገኘው ደግሞ ከጤፍም ያነሰው ነው፤ ብዙ ጊዜም ፍሬ ሳይሆን ክር ነው፣ ከፖሊስተር ሹራብ፣ ከገመድ፣ ከመረብ የተበጠሰ። ጭቃ በመሰለ አንጀት ውስጥ እንኳን እርስዎ፣ እኔም በባዶ ዓይኔ አላየውም።

እንዴት እንደምናየው ልንገርዎ፤ በዚያውም በዚህ ጉዳይ የሚሰሙትን ቁጥር ሁሉ ለምን ቶሎ እንደማላምን ይገባዎታል። አንድ ዓመት ለተማሪዎች ለማሳየት ስድስት ቆሮሶ ገዝቼ አራት ኪሎ ወዳለው ቤተ ሙከራችን ወሰድኩ። ሥጋውን አንነካውም። ከጉሮሮው እስከ መውጫው ያለውን አንጀት እንዳለ አውጥተን ጠርሙስ ውስጥ እንከታለን። የቆሮሶን አንጀት ከኔ በላይ እርስዎ ያውቁታል፤ እንደ ልቃቂት የተጠቀለለ ነው፣ ቢዘረጋ ከራሱ ከዓሣው ብዙ እጥፍ ይረዝማል፣ አልጌ የሚባለውን የውኃ አረንጓዴ ስለሚበላም ውስጡ አረንጓዴ ጭቃ ነው። ጠርሙሱ ላይ 10 በመቶ የፖታሺየም ሃይድሮክሳይድ ብጥብጥ አፍስሰን፣ በፎይል ከድነን፣ 40 ዲግሪ የሚሞቅ ሣጥን ውስጥ ሁለት ቀን እናቆየዋለን። ሥጋ ሥጋው ሟሙቶ ያልቃል፤ አሸዋውና ፕላስቲኩ ይቀራል። የቀረውን በማጥለያ ወረቀት አጥልለን በማይክሮስኮፕ እንፈልጋለን።

ከተማሪዎቹ አንዷ «አገኘሁ!» ብላ ጮኸች። ሰማያዊ ክር ነው፣ ከቅንድብ ፀጉር የቀጠነ። መርፌ በእሳት አግለን አስጠጋንበት። ፕላስቲክ ከሆነ ይኮማተራል ወይም ይቀልጣል፤ ጥጥ ከሆነ እንዲያ አያደርግም። ተኮማተረ። ክፍሉ በሙሉ ደስ አለው። ቀጥለን ከጎን ያኖርነውን ሰባተኛ ጠርሙስ አጠለልን፤ ዓሣ ያልገባበት፣ ያንኑ ብጥብጥ ብቻ የያዘ ነው። እዚያም ውስጥ ሦስት ሰማያዊ ክሮች ተገኙ። ልጅቷ የለበሰችው ሰማያዊ ሹራብ ነበር።

ያን ቀን ውጤት ብለን የጻፍነው ነገር የለም። ከዚያ ወዲህ ቁጥር በሰማሁ ቁጥር መጀመሪያ የምጠይቀው «ባዶው ጠርሙስስ?» ብዬ ነው።

ወደ ዝዋይ እንምጣ። በሐይቁ ላይ በደንብ የተሠራ ጥናት አለ፤ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2020 ነው። ቆሮሶን፣ አምባዛንና ሁለት የካርፕ ዓይነቶችን መርምሮ፣ ከተያዙት ዓሦች 35 በመቶው ፕላስቲክ በልተው አግኝቷቸዋል። በአንድ ዓሣ ውስጥ የተገኘው ከ1 እስከ 26 ቅንጣት ሲሆን መካከለኛው 4 ነው። እርስዎን በቀጥታ የሚመለከተው ግን ሌላው ውጤት ነው፦ በውኃው ውስጥ ተንሳፋፊ ምግብ ከሚለቅመው ከቆሮሶ ይልቅ፣ ታች ጭቃውን የሚያስሱት አምባዛና ካርፕ ጎላ ያለ ብዛት ነበራቸው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ቅንጣቱ ውሎ አድሮ ይዘቅጣል፣ ሲዘቅጥ የሚጠብቀው ደግሞ አምባዛ ነው። ቆሮሶና አንደኛው ካርፕ በዝናብ ወራት ከበጋው የበለጠ ይዘው ተገኝተዋል፤ ጎርፉ ከየማሳውና ከየከተማው ጠርጎ የሚያመጣው ነገር መሆኑ ነው። ከተለዩት የፕላስቲክ ዓይነቶች ዋና ዋናዎቹ ፖሊኢታይሊንና ፖሊፕሮፒሊን ነበሩ። ስማቸው የራቀ ይመስላል እንጂ አንደኛው ፌስታል ነው፣ ሁለተኛው ጤፍና ከሰል የምንጭንበት ማዳበሪያ ከረጢት ነው። ፀሐይ ላይ የከረመ ማዳበሪያ ሲነኩት እንዴት እንደሚፈረፈር አይተው የለም? ያ ነው።

ስለዚህ ደንበኛዎ «የባሕሩ ቆሽሿል፣ የሐይቁ ንጹሕ ነው» ቢልዎ ነገሩ እንደዚያ አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ። ይገድለዋል? ትልቁ ፕላስቲክ አዎ። ፌስታል የዋጠ የባሕር ኤሊ አንጀቱ ተዘግቶ ሊሞት ይችላል፤ በተጣለ መረብ የተጠላለፈ ዓሣ አይተርፍም። ትንንሹ ግን በአብዛኛው አይገድልም። ዓሣ የዋጠውን ክርና ቅንጣት አብዛኛውን መልሶ ይጸዳዳዋል። ታዲያ ምኑ ላይ ነው ጉዳቱ?

በእርስዎ ሥራ ላስረዳ። ቤትዎ አሥር ወንበር አለ እንበል። በምሳ ሰዓት አራቱ ላይ ምንም የማያዝዙ ሰዎች ገብተው ቁጭ አሉ። አልሰረቁም፣ አልሰበሩም፣ ከሁለት ሰዓት በኋላም ተነሥተው ሄዱ። ከውጭ ለሚያይ ቤቱ ሞልቷል። ማታ ሣጥኑን ሲከፍቱ ግን የገባው የስድስት ወንበር ገንዘብ ነው። ይህ በየቀኑ ቢሆን የቤት ኪራዩ ከየት ይመጣል? ፕላስቲክ በትንንሽ የባሕር እንስሳት ሆድ ውስጥ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ቦታውን ይይዛል፣ ጥጋብ ያስመስላል፣ የሚሰጠው ጉልበት የለም።

ይህን ከሁሉ አጥርቶ ያሳየኝ ኮፔፖድ የምትባል ፍጥረት ናት። የሽሪምፕ ዘመድ ናት፤ ከሩዝ ፍሬ ታንሳለች፤ ብዙው የባሕር ዓሣ ጫጩት በእሷ ነው የሚያድገው። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ የእንግሊዝ ሙከራ ኮፔፖዶችን ከአልጌ ጋር ፖሊስታይሪን ከሚባል ፕላስቲክ የተሠሩ ጥቃቅን እንክብሎች ቀላቅሎ አበላቸው። በምግብ ያገኙት ካርቦን፣ ያው ጉልበት ማለት ነው፣ በ40 በመቶ ወረደ። እኔን የገረመኝ እንዴት እንደወረደ ነው። እንስሶቹ እንክብሉን የሚያህለውን ትልቁን አልጌ ትተው ደቃቅ ደቃቁን መልቀም ጀመሩ። ሩዙ ውስጥ ጠጠር የበዛበት ሰው ጥርሱን ፈርቶ እንደሚበላው ማለት ነው። እንደዚያም ሆኖ አልሞቱም፤ የጣሉት እንቁላልም በቁጥር አልቀነሰም። እንቁላሎቹ ግን አነሱ፤ ተፈልፍሎ የወጣውም ቀነሰ። ወራት ካለፉ በኋላ የዓሣው ጫጩት ምግብ ሲያጣ፣ ባሕሩ ላይ የሞተ ነገር ተንሳፎ አይታይም።

ሌሎቹም ሙከራዎች ወደዚያው ያመራሉ። በባሕር ዳር አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ አሸዋውን እየዋጠ የሚኖር ትል አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2013 በታተመ ሙከራ፣ 5 በመቶ የፒቪሲ ብናኝ የተቀላቀለበት አሸዋ ውስጥ ሲያኖሩት በአካሉ ያጠራቀመው ስንቅ እስከ ግማሽ ድረስ አለቀ። በአንድ በኩል የሚበላው ቀንሷል፤ በሌላ በኩል አንጀቱ ተቆጥቶ ለመከላከል ጉልበት ያወጣል፤ የዋጠውንም እስኪያስወጣ ከወትሮው ይዘገያል። ኦይስተር የሚባለውን ባለ ዛጎል ደግሞ ሁለት ወር ሙሉ ከፖሊስታይሪን ቅንጣት ጋር ያኖሩ የፈረንሳይ ተመራማሪዎች፣ የእንቁላሉ ቁጥር በ38 በመቶ፣ የወንዴው ዘር ፍጥነት በ23 በመቶ፣ የሚወለዱት እጮች ደግሞ በ41 በመቶ ቀንሰው አገኙ። እሱም አልሞተም። እንዲያውም ከበፊቱ አብዝቶ ይበላ ነበር፤ ጉድለቱን ለመሙላት ይመስላል። ላም የሚያረባ ሰው ይህን ቶሎ ይረዳዋል፤ መኖ ያነሳት ላም መጀመሪያ የምትተወው መውለድን ነው።

ከአንጀት አልፎ ይሄዳል ወይ ብለው ቢጠይቁኝ፣ በጣም ደቃቁ አዎ። እ.ኤ.አ. በ2008 መስል በሚባለው ባለ ዛጎል ላይ የተሠራ ሙከራ፣ ከአንድ ሚሊሜትር መቶኛ ያነሱ እንክብሎች ከአንጀቱ ወደ ደሙ ገብተው ከ48 ቀን በኋላም እዚያው እንዳሉ አሳይቷል። ስለ ቁስል ደግሞ አንድ የባሕር ወፍ ልጥቀስ። በአውስትራሊያዋ ሎርድ ሃው ደሴት የሚፈለፈሉ ሺርዎተር የሚባሉ ወፎች አሉ፤ ወላጆቻቸው ከባሕር እየለቀሙ ጎርሰው የሚያመጡላቸው ምግብ ፕላስቲክ አለበት። ጨጓራቸው በቁስል ላይ ቁስል ጠባሳ አውጥቶ ደርቆ ተገኘ። ተመራማሪዎቹ እ.ኤ.አ. በ2023 ለዚህ ሕመም ፕላስቲኮሲስ የሚል የራሱን ስም አወጡለት። እዚያ ግን ነገሩ ጥቃቅን ብቻ አይደለም፤ ጫጩቶቹ ሆድ ውስጥ ትልልቅ ስብርባሪም አለ።

ለምን ይበሉታል? ዓሣ ሞኝ ስለሆነ አይደለም። ባሕር ላይ የቆየ ፕላስቲክ አልጌ ይበቅልበታል፣ የምግብ ሽታም ያወጣል። አንቾቪ የሚባለው ትንሽ ዓሣ ይህን ሽታ ሲያገኝ ልክ ምግብ እንዳገኘ ሆኖ መፈለግ ሲጀምር ታይቷል። አፉን ከፍቶ ውኃውን እያጠለለ የሚበላው ደግሞ መምረጥ የሚባል ነገር የለውም። በካሊፎርኒያ ዳርቻ የሚበላ ሰማያዊ ዓሣ ነባሪ በቀን እስከ 10 ሚሊዮን ቅንጣት ሊውጥ እንደሚችል ተገምቷል፤ ከዚህ ውስጥ ማለት ይቻላል ሁሉም ከውኃው ሳይሆን ከሚበላው፣ ክሪል ከሚባል ሽሪምፕ መሰል ፍጥረት ሆድ የሚመጣ ነው። ግምት መሆኑን ልብ ይበሉ፤ ዓሣ ነባሪ ቀዶ የቆጠረ የለም።

እዚህ ላይ የራሴን ሙያም መንቀፍ አለብኝ። ከላይ የነገርኩዎት ሙከራዎች አብዛኞቹ ለእንስሳው የሚሰጡት ፕላስቲክ በባሕር ውስጥ ካለው እጅግ የበዛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ይህን ያነጻጸሩ የዴንማርክ ተመራማሪዎች ልዩነቱ ከመቶ እጥፍ እስከ አሥር ሚሊዮን እጥፍ እንደሚደርስ ጽፈዋል። ቅመም በኪሎ ጨምሮ «ወጡ ያቃጥላል» እንደማለት ነው። በዚያው ዓመት በትልቅ መጽሔት የወጣ አንድ የስዊድን ጽሑፍ፣ የዓሣ እጮች ከምግብ ይልቅ ፕላስቲክ መርጠው ይበላሉ አለ፤ ዓለም ሁሉ ተቀባበለው፤ በዓመቱ ጽሑፉ በምርምር ጥፋት ምክንያት ተሰረዘ። ወሬው ግን አልተሰረዘም፣ እስከ ዛሬ ይላክልኛል። «ፕላስቲክ መርዝ እየሳበ ዓሣውን ይመርዘዋል» የሚለውም እንዲሁ ነው። ፕላስቲክ እንደ ዲዲቲ ቅሪት ያሉ ኬሚካሎችን ከውኃው ስቦ መያዙ እውነት ነው፤ ዓሣው ግን ያንኑ ኬሚካል ከሚውጠው ፕላስቲክ ይልቅ ከተለመደ ምግቡ የሚያገኘው ይበዛል። እኔ የምፈራው ረሃቡን ነው። እሱ በጥቂት መጠንም ቢሆን ዕድሜ ልክ ሲደጋገም ይጠራቀማል።

በሜዳ ላይ፣ ከቤተ ሙከራ ውጭ፣ ገዳዩ በስሙ የተያዘበትም ታሪክ አለ፤ ያ ግን ከሆድ ሳይሆን ከጎማ የመጣ ነው። በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት ኮሆ የሚባል ሳልሞን እንቁላሉን ሊጥል ከባሕር ወደ ከተማ ጅረት ሲወጣ፣ ዝናብ በዘነበ ቁጥር እንቁላሉን ሳይጥል በሰዓታት ውስጥ ይሞት ነበር። ለዓመታት ምክንያቱ ጠፋ። እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ላይ ተገኘ፦ ጎማ እንዳይሰነጣጠቅ የሚጨመር ኬሚካል ከአየር ኦዞን ጋር ሲገናኝ የሚሆነው መርዝ ነው፤ ጎማው አስፋልት ላይ ሲፋቅ ይረግፋል፣ ዝናቡ ያጥበዋል፣ ጅረቱ ይቀበለዋል። ቆሮሶ ሳልሞን አይደለም፤ በኮሆ ላይ የሆነው በእሱ ይሆናል አላልኩም። ግን ሐምሌ ላይ ራስ መኮንን ድልድይ ላይ ቆሜ ያንን ጥቁር ጎርፍ ባየሁ ቁጥር፣ ከአራት ኪሎ እስከ ፒያሳ ሲመላለሱ የዋሉት የሚኒባሶች ጎማ ትዝ ይለኛል።

ያ ጎርፍ የት እንደሚሄድ አስበው ያውቃሉ? ብዙ ሰው «ወንዝ መጨረሻው ባሕር ነው» ይላል። የኛ አይደለም። ቀበናም ባንትይከቱም መጨረሻቸው አቃቂ ነው፤ አቃቂ አባ ሳሙኤል ግድብ ላይ ይተኛል፣ ከዚያ አዋሽ ይገባል፣ አዋሽ ቆቃ ሐይቅ ላይ ያርፋል። ከቆቃ ወጥቶ አፋርን አቋርጦ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ውስጥ ይቀራል። ባሕር የሚባል አይደርስም። ዝዋይም ከመቂና ከቀታር የተቀበለውን የሚያፈሰው በቡልቡላ በኩል ወደ አብያታ ነው፤ አብያታ ደግሞ መውጫ የለውም። ከፒያሳ የተጣለ ፌስታል የባሕር ኤሊ አይገድልም። የሚጠብቀው የቆቃ አምባዛ ነው። የባሕሩን እንስሳ ታሪክ ይህን ያህል ያረዘምኩትም ለዚህ ነው፤ በቆቃ ዓሣ መራባት ላይ ምን እየሆነ እንደሆነ ለመገመት ያለን መስታወት የኦይስተሩና የኮፔፖዷ ነው። ውቅያኖስ ሰፊ ነው፣ ያሳሳዋል። መውጫ የሌለው ሐይቅ ግን የተሰጠውን ሁሉ ይዞ ይቀመጣል።

ፌስታልን ካነሣሁ፣ ከ0.03 ሚሊሜትር የሳሳው በ1999 ዓ.ም. በወጣው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ተከልክሎ ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ አዲሱ ሕግ ፌስታልን በጥቅሉ ከለከለ። ስለ አፈጻጸሙ እርስዎ ገበያ ላይ ስላሉ ከኔ ይሻላሉ።

ለደንበኛዎ ምን ይበሉ? ፕላስቲኩ በብዛት ያለው አንጀት ውስጥ ነው፤ አንጀቱን ደግሞ ማንም አይበላም። ሆዱ በጥንቃቄ ወጥቶ፣ ውስጡ በንጹሕ ውኃ ታጥቦ የተጠበሰ ቆሮሶ ከሚቀርብበት ሳህንና ጠረጴዛው ላይ ከሚያርፈው አቧራ የባሰ ፕላስቲክ የለውም ቢሉ አይሳሳቱም። ቢላው አንጀቱን ቀዶ ሥጋው ላይ እንዳያፈስ ብቻ ይጠንቀቁ፤ ይህ ለጀርሙም ለጣዕሙም ነው። መጥበስ ፕላስቲክን አያጠፋም፣ ሎሚም አያጠፋም። የባሕር ሰርዲንና ቱና በቆርቆሮ የሚበላም ያው ነው፤ በአብዛኛው ሆዱ ወጥቶ ነው የሚታሸገው። እንዳለ ከነሆዱ የሚበላው መስልና ኦይስተር ነው፤ እሱን ደግሞ ፒያሳ ላይ የሚጠይቅዎ ደንበኛ ያለ አይመስለኝም።

ስለ አንጀቱ ግን አንድ ነገር። ሐይቁ ዳር ዓሣ ሲበለት አይተው ከሆነ፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ተሰልፈው ቆመው አንጀቱን ይጠብቃሉ። አምባዛው ከጭቃው የለቀመው ከአባ ኮዳው ሆድ ገባ ማለት ነው፤ ከዚያም መልሶ ሐይቁ ዳር። እርስዎ ጋ ያለውን ትርፍራፊ ድመቶቹ እንደሚወስዱት እገምታለሁ። ቦይ ውስጥ ባይደፋ ጥሩ ነው፤ ቦዩ ያው አቃቂ ነው።

የአምባዛ ሆድ ሲያገኙ ቢያቆዩልኝ ደስ ይለኛል፤ ተማሪዎቼ የከተማ ሱቅ ዓሣ አይተው አያውቁም ማለት ይቻላል። በፌስታል ሳይሆን በክዳን ጠርሙስ፣ ጠርሙሱም ቀድሞ በንጹሕ ውኃ ሁለቴ የተለቀለቀ ይሁን። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ በዚያ በኩል አልፋለሁ። ሲያወጡት ግን የጥጥ ልብስ ይልበሱ፤ ሰማያዊ ሹራብ ካለዎትም ለዚያን ቀን ቤት ይቅር።